አሮጌ ጎልፍ በጅማ፦ ገንዘቡ የሚያልቀው የት ላይ ነው

የኔዋ እ.ኤ.አ. የ2002 ስሪት ቮልስዋገን ጎልፍ 4 ናት፤ 1.6 ሊትር፣ ባለ 8 ቫልቭ የቤንዚን ሞተር፣ በእጅ የሚቀየር ማርሽ። ጅማ ላይ የቪትዝና የኮሮላ ዕቃ በእግር ተኪዶ ይገዛል። የጎልፍ ዕቃ ግን 350 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል፤ አልገጥም ካለ ደግሞ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። የጥገና ወጪዬን ሲያንረው የኖረው ይኼ ምልልስ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ዛሬም ጤነኛ ናቸው። ቦዲዋ ከፋብሪካ ዚንክ ተለብጦ ስለወጣ ዝናብ በማይጠፋበት ጅማ እንኳን ዝገት አልደፈራትም። የሚያልቀው ፕላስቲኩና ላስቲኩ ነው፤ ቆማ ብትውልም ያልቃል፤ ዕድሜ ነው የሚበላው።

ዋጋ በብር አልጽፍም፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ወር አይከርምም።

ሞተሩን ከሚያቀዘቅዘው ውሃ ልጀምር፤ አሮጌ መኪና ሞተሩን ብዙ ጊዜ የሚያጣው በእሱ ነውና። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ94 ዲግሪ ይፈላል። የጎልፉ ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው) መከፈት የሚጀምረው 87 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ፋን አንደኛው ፍጥነት ከ92 እስከ 97፣ ሁለተኛው ከ99 እስከ 105 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይነሳል። እንግዲህ ሲስተሙ ግፊት ካልያዘ፣ ሁለተኛው ፍጥነት ሳይነሳ ውሃው ፈልቷል ማለት ነው። ግፊቱን የምትይዘው የውሃ ማጠራቀሚያዋ ሰማያዊ ክዳን ናት። ደህና ከሆነች እስከ 1.4 ወይም 1.6 ባር ድረስ አትከፈትም፤ በዚያ ግፊት ውሃው 120 ዲግሪ ላይ እንኳ አይፈላም።

አሁን በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለውን የግቤ ወንዝ ሸለቆ አስቡት። ድልድዩ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ይጋረፋል፤ ከዚያ ወደ አበልቲ ረጅም ዳገት ነው፣ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ብዙ ደቂቃ ይለፋል። ክዳኗ ደክማ ከሆነ ውሃው በሥሯ እየተነፈሰ ይወጣል፣ ማጠራቀሚያው ይጎድላል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል። እኔ መጀመሪያ ራዲያተር ነበር የለወጥኩት። ጥፋቱ የክዳኗ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ምንም ሳልፈታ በእጄ ነው የምጀምረው። ሞተሩ ሙቀቱን ሲይዝ ወፍራሙን የላይኛውን ማኒኮቶ (የውሃውን የላስቲክ ቱቦ) በጨርቅ ይዤ እጨብጠዋለሁ፤ ወጠር ማለት አለበት። ልስልስ ካለ ክዳኗ ወይም አንድ ሌላ ቦታ ግፊት እያሾለከ ነው። በተቃራኒው ሞተሩ አድሮ በጠዋት ሲነሳ፣ ውሃው ገና ቀዝቃዛ ሳለ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ማኒኮቶው ድንጋይ ከሆነ፣ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) የሚጠረጠረው ያኔ ነው። ይህን ሳያዩ ቴስታታ ልፍታ የሚል መካኒክ ቢመጣ እንዲቆይ ንገሩት። እና ሞተሩ እንደሞቀ ክዳኗን ማንም አይክፈት፤ ፊት ያቃጥላል።

ከክዳኗ ጋር ቴርሞስታቱ ከነጎሚኒው፣ በቴስታታው ጎን ያለው ጥቁር የፕላስቲክ ፍላንጅ (ማኒኮቶው የሚሰካበት) እና ፍላንጁ ላይ የሚሰካው የሙቀት ሴንሰር በአንድ ቀን አብረው ይለወጡ። ፍላንጁ ሃያ ዓመት ሲሞላው እንደ ብስኩት ይሰበራል፤ ሴንሰሩን ለመንቀል ሲሉ ብቻ ጆሮው እጅ ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ አዲሱ በእጅ ከሌለ መኪናዋ አውቶቡስ እስኪመጣ ቆመች ማለት ነው።

ሴንሰሩ ለብቻው ወሬ የሚገባው ዕቃ ነው። ባለ 4 እግር ሲሆን በአንድ አካል ውስጥ ሁለት መለኪያ አለ፤ አንዱ ለዳሽቦርዱ፣ ሌላው ለሞተሩ ኮምፒውተር። በዚህ ምክንያት የዳሽቦርዱ ቀስት 90 ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ኮምፒውተሩ ግን ሞተሩ በረዶ ነው ብሎ ሊያምን ይችላል። ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሲሞቅ አልነሳም ትላለች። ይህን ለማየት የመኪናዋን ኮምፒውተር በስልክ የሚያነብ ርካሽ የብሉቱዝ ስካነር ይበቃል፦ መኪናዋ አድራ ሞተር ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ የውሃውን ሙቀት ከሚገባው አየር ሙቀት ጋር አስተያዩ። ሁለቱ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ውሃው ከዜሮ በታች 40 ካለ ሽቦው ወይም ሴንሰሩ ተቋርጧል።

የውሃ ፖምፓው የሚዞረው በቲሚንግ ቺንጋው (የሞተሩን ቫልቮች በሰዓታቸው በሚያስከፍተው ቀበቶ) ስለሆነ ሁለቱን ለየብቻ መለወጥ የእጅ ዋጋ ሁለቴ መክፈል ነው። የፋብሪካው ፖምፓ ክንፍ ፕላስቲክ ነው፤ ዘንጉ ላይ ሲሰነጠቅ ውጭ አንዲት ጠብታ ሳይታይ ውሃው መዞር ያቆማል። ባለ ብረት ክንፉን እዘዙ። እኔ ቺንጋ፣ ቴንሽነርና ፖምፓ በ60,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ5 ዓመት፣ ቀድሞ በመጣው እለውጣለሁ።

ጅማ ውርጭ ስለሌለ ንጹሕ ውሃ ይበቃል የሚሉ አሉ። አይበቃም፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ ባዶ ውሃ ይበላዋል። ሲስተሙ ከ5 እስከ 6 ሊትር ይይዛል፤ ግማሹ ሐምራዊው ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ)፣ ግማሹ የባትሪ ውሃ (አሲዱ ሳይሆን የተጣራው ውሃ)። የቀድሞውን ቀይ ኩላንት (G12) ከአረንጓዴው ወይም ከሰማያዊው ጋር አትቀላቅሉ፤ ቡናማ ዝቃጭ ሆኖ ራዲያተሩን ይደፍናል። የተቀላቀለ ካገኛችሁ ዝም ብሎ መጨመር ሳይሆን አጥቦ እንደገና መሙላት ነው።

ወደ ዕቃ ማዘዙ ልምጣ። "የጎልፍ 4 የፊት ፍሬን ዲስክ" ብሎ ማዘዝ ዋጋ የለውም፤ ይህ መኪና 256፣ 280 እና 288 ሚሊ ሜትር ዲስክ ይዞ ወጥቷል። የቀድሞውን ፈትቶ መለካት ይቀድማል። ከኋላ በዕቃ መጫኛው ወለል ሥር ትርፍ ጎማው ያለበትን ጉድጓድ ክፈቱ፤ የሞተሩንና የካምቢዮውን ኮድ የያዘ ወረቀት እዚያ ተለጥፏል። እሱንና ባለ 17 አሃዙን የሻንሲ ቁጥር በስልክ አንስቼ ለነጋዴው እልካለሁ፤ እሱም ከመጫኑ በፊት በዕቃው ላይ የታተመውን ቁጥር አንስቶ ይልክልኛል። ሁለቱ ፎቶ ካልተያየ ገንዘብ አልልክም። ጎልፍ የለም ሲባልም አትመለሱ፤ ቦራ፣ ኦክታቪያ፣ ሲያት ሊዮንና የመጀመሪያው ኦዲ ኤ3 በአንድ መሠረት ላይ የተሠሩ ናቸው፣ ቁጥሩ ከተመሳሰለ ዕቃው ያው ነው።

በዝናብ ወቅት ጠዋት ጠዋት የምትንቀጠቀጥና ከሞቀች በኋላ የምትስተካከል ከሆነ ቦቢናዋ (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የምትሰጠው) ተሰንጥቃ ይሆናል። ማታ በጨለማ ሞተሩን አስነስቶ በቦቢናዋ ዙሪያ በመርጫ ትንሽ ውሃ ማርጠብ ነው፣ እጅ ሳይነካት፤ ሰማያዊ ብልጭታ ከዘለለ ማስረጃው እሱ ነው። የቤንዚን ፊልትሮ በ15,000 ኪሎ ሜትር ይለወጥ፤ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ከገባ ወዲያውኑ። ፊልትሮው ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ መዞር አለበት።

ሱስፔንሽኑን (ጎማውን ከቦዲው የሚያያይዘውን ክፍል) በተመለከተ ደጋግሞ የሚያልቀው የኮንትሮል አርሙ (ጎማውን የሚይዘው የታችኛው ክንድ) ቡሽ ነው፤ ቡሽ በመጋጠሚያው ያለው ላስቲክ ነው። አዲሱ በጥቂት ወር ውስጥ ከተቀደደ ዕቃው ላይ አትፍረዱ፤ መኪናዋ በክሪክ ተንጠልጥላ፣ ጎማው ወደ ታች ወርዶ ሳለ ቡሎኑ ጠብቆ ይሆናል። ጎማው መሬት ሲነካ ቡሹ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ወደ ሰቃ ስትሄዱ ደግሞ በየጉድጓዱ ጨምሮ ይጠመዘዛል። ቡሎኑን በእጅ አስገብታችሁ፣ መኪናዋን አውርዳችሁ፣ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደ ኋላ ገፋ ገፋ ካደረጋችሁ በኋላ ነው የሚጠብቀው።