ትከሻችሁ የት ነው ያለው?
ቀኑ አልቋል፣ የታክሲ ሰልፉም አልፏል፤ ሰውነት ግን ገና ሰልፍ ላይ ነው። ትከሻ ወደ ጆሮ ተሰቅሏል፣ መንጋጋ ተነክሷል። ይህ ለሳምንታት ከቆየና ሌሊት 9 ሰዓት መባነን፣ በትንሽ ነገር መቆጣት ከተጨመረበት «ደክሞኝ ነው» ብሎ ማለፍ አያዋጣም፤ ውጥረት ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ማታ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አየር ሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አውጡ። 5 ደቂቃ ይበቃል። የሚያረጋጋው ማውጣቱ ነው፤ አየር ሲወጣ የልብ ምት ዝግ ይላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት በኃይል ሲስቡ ነው፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ይወጣና ራስ ያዞራል፣ ጣት ይነዝራል። ያኔ ቆጠራውን ትታችሁ እንደወትሮው ተንፍሱ።

(ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቡና የጠጣ ሰው ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ቢለው ትንፋሹን አይውቀስ፤ ከጠጣ 5 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም የካፌይኑ ግማሽ ገደማ ሰውነቱ ውስጥ ነው።)