ቦል ጆይንቱ እየተወላወለ የተለካ ካምበር

በ1997 እ.ኤ.አ. የተሠራችው ቶዮታ ኮሮላዬ የግራ የፊት ጎማ የውስጥ ጠርዙ ብቻ ተበልቶ ሽቦው ሊታይ ሲቃረብ፣ መጀመሪያ ያደረግሁት አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎችን አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከያ፣ ማሠራት ነበር። በአሥር ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤ የዚያው ጎማ የካምበር ልክ (ከፊት ሲታይ አናቱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት መጠን) ግን በመካከሉ ማንም ሳይነካው በሩብ ዲግሪ ያህል ተለያየ። የላላ ነገር መኖሩን መጠርጠር የነበረብን ያኔ ነው፤ ሆኖም በሁለቱም ጊዜ ጎማውን አንሥቶ የነቀነቀው ሰው አልነበረም። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ቦል ጆይንት፣ ማለትም ጎማውን ከሥሩ ከሚይዘው ክንድ (አርም) ጋር የሚያገናኘው ኳስ ያለው መጋጠሚያ፣ በጉዞ ላይ ከቦታው ቢወጣ ጎማው ተጣምሞ መሪው አይታዘዝም።

በሰፈራችን የሚሠሩ አንድ አረጋዊ መካኒክ መኪናዋን በክሪክ አንሥተው፣ ከሥሯ ድጋፍ ካቆሙ በኋላ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ሲገፉና ሲስቡት ኳ ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያም «እስቲ ፍሬን ያዝ» አሉኝ። ፍሬኑ ሲያዝ መወላወሉ ቢጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ይሆን ነበር፤ አልጠፋም። ከታችኛው አርም በላይ ረጅም ብረት አስገብተው ሲጫኑት ቦል ጆይንቱ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አየሁ። ላስቲኩ ተቀዶ፣ ግራሶው በክረምት ውሃ ታጥቦ አልቆ፣ በምትኩ አቧራ ገብቶበታል።

ኮሮላ በየጎኑ አንድ የታችኛ ቦል ጆይንት ብቻ ስላላት፣ ሁለቱንም አዲስ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ገዛሁ። አሮጌውን ከአርሙ ጋር የሚያስረው አንድ ቡሎንና ሁለት ዳዶ በቀላሉ ተፈታ፤ ያስቸገረው የቦል ጆይንቱን ሾጣጣ እግር ከተቀመጠበት ማላቀቅ ነው። መካኒኩ እግሩን ራሱን አልመቱም፤ ዳዶውን በጥቂት ጥርስ አስቀርተው፣ እግሩ የገባበትን ብረት በጎኑ በመዶሻ ሲመቱት ለቀቀ። አዲሱ ሲገባ ሾጣጣው ንጹሕና ደረቅ እንዲሆን፣ ግራሶ እንዳይነካው አጥብቀው አስጠነቀቁኝ። የመጨረሻው ዳዶ ከጠበቀ በኋላ የመቆለፊያው ሽቦ ቀዳዳ ካልገጠመ፣ ዳዶው ጥቂት ይጠብቃል እንጂ ወደ ኋላ አይላላም።

ካምበር የተለካው ከዚህ በኋላ ነው። የጎማዎቹ ነፋስ እኩል ተደርጎ፣ የመኪናዋ ፊት ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ተጭኖ ከተለቀቀ በኋላ፣ የግራው ጎማ አናቱ ከቀኙ በአንድ ዲግሪ ያህል የበለጠ ወደ ውስጥ ዘንብሎ ተገኘ፤ በግራና በቀኝ መካከል የሚፈቀደው ልዩነት ግን 45 ደቂቃ፣ ማለትም ሦስት አራተኛ ዲግሪ ነው። በዚህች መኪና ላይ የካምበር ማስተካከያ ተብሎ የተሠራ ክፍል የለም። ስለዚህ አሞርዛተሩን ከታችኛው ብረት ጋር ከሚያስሩት ሁለት ቡሎኖች አንዱ ወገቡ ቀጠን ባለ ቡሎን ተተካ፤ ቡሎኑ በቀዳዳው ውስጥ የሚተወው ክፍተት የጎማውን አናት ወደ ውጭ ለመግፋት በቃ፣ ልዩነቱም ወደ 20 ደቂቃ ወረደ። ካምበር ሲነካ የጎማዎቹ የፊት አቅጣጫም ስለሚዛባ፣ የመሪው ዘንግ የተስተካከለው በመጨረሻ ነው።

በአዲሱ ጎማ እስካሁን 3,000 ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ፤ የጥርሱን ጥልቀት በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ በውስጥም በውጭም ስለካው እኩል ነው።