የሚሰፋው መያዣው ነው

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ያለ አንድ ቶርኖ ቤት። ደንበኛው አዲስ ባለክሮም የሞተር መሪ ይዞ መጣ። የመሪው መሀል ዲያሜትሩ 25.4 ሚሊሜትር ሲሆን የሞተሩ መያዣ የተሠራው ለ22.2 ነው። «አቦ፣ መሀሉን ትንሽ ላጥልኝ፤ ይግባልኝ እንጂ» አለ። ወጣቱ ሠራተኛም ብረቱን አጥብቆ በሚያዞረው ቻክ ላይ አስሮ ምላጩን አስጠጋ።

የቻኩ ጥርሶች ያለ አሉሚኒየም ንጣፍ ስለታሰሩ ክሮሙን አቆሰሉት። ምላጩ በገባበት ጠርዝ ደግሞ ሽፋኑ ተቀርፎ ተነሣ። የጌጥ ክሮም ውፍረቱ ከ1 ማይክሮን እምብዛም አያልፍም፤ ዝገትን በዋናነት የሚከላከለው ከሥሩ ያለው ኒኬል ነው። እሱ ከተቆረጠ ዝገቱ ከጠርዙ ተነሥቶ በሽፋኑ ሥር ይሄዳል፤ የእጅ ላብም ያፋጥነዋል።

ይህ ግን ቀላሉ ጉዳት ነው። አለቃው ማሽኑን አስቁሞ የመሪውን ግድግዳ በካሊፐር ለካ፤ 2 ሚሊሜትር። ወደ 22.2 ለማውረድ ዙሪያውን 1.6 መላጥ ያስፈልጋል፤ የሚተርፈው 0.4 ብቻ ነው! እንዲህ ያለ መሪ ጉድጓድ ሲያገኘው ነጂው እጅ ላይ ይሰበራል። የተጀመረው ጭረትም መሪው በብዛት በሚታጠፍበት በመያዣው ጠርዝ ላይ ስለሚያርፍ፣ ቤቱ በራሱ ወጪ ሌላ መሪ ተካ። ትክክል አድርጓል።

«ልጄ፣ የሚሰፋው መያዣው ነው» አለው አለቃው።

አስቀድሞ፣ መያዣው ሲሰፋ በመሪው መግቢያ ቀዳዳና በቡሎኑ መካከል የሚቀረው ብረት ይሰላል፤ ከ3 ሚሊሜትር ካነሰ ሥራውን አለመቀበል ነው። ከዚያ በመያዣው ላይኛና ታችኛ ክፍል መካከል፣ በሁለቱም ጎን፣ 1 ሚሊሜትር ላሜራ ገብቶ በራሱ ቡሎኖች ይታሰራል። ላሜራው ሲወጣ የሚቀረው ክፍተት ነው መሪውን የሚያስጨብጠው፤ ያለ እሱ ቡሎኑ ቢጠብቅም መሪው ይዞራል። መያዣው ባለአራት ጥርስ ቻክ ላይ፣ በአሉሚኒየም ንጣፍ ተይዞ፣ ቀዳዳው በዳያል ጌጅ (በባለመርፌ መለኪያ) መሀል ይደረጋል። መጀመሪያ የቀዳዳው አፍ በስለታም የካርባይድ ምላጭ ከመያዣው ክሮም ሥር ድረስ ሰያፍ ይቆረጣል፤ አለዚያ ምላጩ ሽፋኑን ገፍቶ ይነቅላል። ከዚያ በየዙሩ ግማሽ ሚሊሜትር እየሰፋ 25.4 ላይ ይቆማል። መሪውን ግራና ቀኝ የሚይዙት ሁለቱ መያዣዎች ከመቀመጫቸው እስከ ቀዳዳው መሀል እኩል ቁመት ካልኖራቸው መሪው ጠምሞ ይቀመጣል።

ያለ ሽፋን የቀረው ብረት ግሪስ ይቀባል። 8 ሚሊሜትሮቹ ቡሎኖች በፊትም በኋላም እኩል ክፍተት እየተው በየተራ ይጠብቃሉ፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም ይፈተሻሉ።