ፋርማኮሎጂን በካፌይን መጀመር

የፋርማኮሎጂ (የመድኃኒት ሳይንስ) መግቢያ ሳስተምር በትርጓሜ አልጀምርም። "ዛሬ ቡና የጠጣችሁ እጃችሁን አንሱ" እላለሁ። ብዙ እጅ ይነሳል፤ ትምህርቱም ተጀመረ ማለት ነው።

አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ ይጠራቀምና እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ተቀባይ ቀድሞ ይይዝበታል፤ ተቀባዩን ግን አያሠራውም። ቁልፍ ቀዳዳ ገብቶ እንደማይዞር ቁልፍ ነው። አንታጎኒስት ማለት ይኸው ነው።

ግማሽ ዕድሜም፣ ማለትም የመድኃኒቱ መጠን ሰውነት ውስጥ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ እዚያው ይመጣል። በጤነኛ አዋቂ የካፌይን ግማሽ ዕድሜ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጣ ሰው፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ሰውነቱ ውስጥ አለ። "ታዲያ እኔን ብቻ ለምን እንቅልፍ ይነሳኛል?" የሚል ተማሪ አይጠፋም። ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። የጉበት ኢንዛይሞች ከሰው ሰው ይለያያሉ፤ ሲጋራ የሚያጨስ ቶሎ ያስወግደዋል፣ ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ብዙ ይቆያል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምሰጠው ግን ለፓራሲታሞል ነው። ተማሪዎቼ ቤት ያለውን የመድኃኒት ካርቶን ሁሉ እንዲያነቡ አዛለሁ። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል አለ። ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሰው ሳያውቀው ለአዋቂ ከተፈቀደው የቀን ጣሪያ፣ ከ4 ግራም፣ ሊያልፍ ይችላል። ትርፉ ሰውነት ውስጥ ጉበትን ወደሚጎዳ ንጥረ ነገር ይለወጣል። የሚያስፈራኝ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ምንም ምልክት ላይታይ መቻሉ ነው። ማርከሻው አሲቲልሲስቴን ይባላል፤ ከሁሉ በላይ የሚሠራው መድኃኒቱ ከመጠን በላይ ከተወሰደ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው።