ርስት በማመልከቻ ላይ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ሻይ እየጠጣን ሳለ የአንዲት እኅታችን ልጅ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ተነገረ። እልልታው ሳያባራ አንድ ትልቅ ሰው «የእኛ ልጆች እኮ በጉብዝናቸው ነው የሚገቡት፤ እንደ እነዚያ በቀለማቸው አይደለም» አሉ። «እነዚያ» ያሏቸው እዚሁ አሜሪካ ተወልደው ያደጉትን ጥቁሮች ነው። ጠረጴዛውን የከበበው ሁሉ «እውነት ነው» አለ። እኔ ግን ሻዩ መረረኝ።

አብዛኞቻችን በዲቪ የመጣን ነን። አውሮፓውያንን ሲያስቀድም የኖረው የኢሚግሬሽን ኮታ የተሻረው በ1965 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ ጥቁሮችን በዘራቸው ማግለልን የከለከለው የሲቪል መብቶች ሕግ በጸደቀ በዓመቱ ነው። ያ ሕግ እንዲጸድቅ ውሻ የተለቀቀባቸው እነዚያው ሰዎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲዎችን «ጥቁር ተማሪም ተቀበሉ» ብለው የወተወቱትም እነርሱ። በ2004 ሄንሪ ሉዊስ ጌትስና ላኒ ጉኒየር የተባሉ የሃርቫርድ ምሁራን ከዩኒቨርሲቲው ጥቁር ተማሪዎች የሚበዙት የካሪቢያንና የአፍሪካ ስደተኞች፣ አለዚያም የስደተኛ ልጆች መሆናቸውን ሲያነሡ ብዙ አነጋግሮ ነበር። እንግዲህ በቀለም ገባ ከተባለ፣ የገባነው እኛ ነን!

በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቅበላ ላይ የአመልካቹን ዘር ማየት ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ በየነ። በዓመቱ ኤምአይቲ ወደ ተባለው ስመ ጥር የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከገቡት አዲስ ተማሪዎች ጥቁሮቹ 5 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በቀደሙት ዓመታት 13 በመቶ ገደማ ነበሩ።

ሌላውን ልዩ ጥቅም፣ ለምሩቃን ልጆች የሚሰጠውን ቅድሚያ፣ ፍርድ ቤቱ ግን ሳይነካው ቀረ። ልጄ ማመልከቻዋን ስትሞላ አጠገቧ ነበርሁ። እናትና አባት የት እንደ ተማሩ የሚጠየቅበት ቦታ አለ። «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» ብላ ሞልታ አለፈች። እዚያ ቦታ ላይ የራሱን የሃርቫርድን ስም ለሚጽፍ ልጅ መልሱ ርስት ነው። ሃርቫርድ በተከሰሰበት በዚያው የቅበላ ክርክር ለፍርድ ቤት በቀረበው ማስረጃ ሃርቫርድ ከምሩቃኑ ልጆች ከሦስቱ አንዱን ሲቀበል፣ በጠቅላላው ግን ከመቶ አመልካች የሚያልፈው ስድስት ያህል ብቻ ነበር። ከተቀበላቸው ነጮች 43 በመቶው ስፖርተኞች፣ የምሩቃን ወይም የሠራተኞች ልጆች፣ አለዚያም እንደ ለጋሽ ዘመድ ያሉ በልዩ ዝርዝር የተያዙ ነበሩ። እነዚህን «በአባታቸው ገቡ» ብሎ የሚያማ አዳራሽ አላየሁም። የምንኖርበት ሜሪላንድ በ2024 ለምሩቃን ልጆች ማዳላትን በሕግ ከልክሏል፤ እሰየው። ልጄ የምትመኘው ዩኒቨርሲቲ ግን ሌላ ስቴት ነው።

ይህን ሁሉ በቁጣ ስዘረዝርላት ዝም ብላ አዳመጠችኝና «እማዬ፣ እኔ ከገባሁ እኮ ለልጆቼ ይሠራል» አለች።

መቆጣት ነበረብኝ። የልጅ ልጆቼን እያሰብሁ ዘገየሁ።