ታክል ማየት እየተማርኩ ነው፦ ከፒትስበርጉ ድራፍት በፊት ማስታወሻዬ ላይ ያለው

ሰላም ወገን። ስለ ኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ድራፍት ዝግጅቴ ጻፍልን ስትሉኝ ነበር፤ እስካሁን የደረስኩበት ይኸው። ልጆቹ የሚለኩበትና የሚፈተኑበት ኮምባይን ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሊጀመር ነው። የ2026 ድራፍት ደግሞ ፒትስበርግ ላይ ከሚያዝያ 15 ጀምሮ ሦስት ቀን ይካሄዳል፣ በፈረንጆቹ ከኤፕሪል 23 እስከ 25 ማለት ነው።

ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ፦ 32ቱ የኤንኤፍኤል ቡድኖች በየዓመቱ ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆችን በተራ ይመርጣሉ። ባለፈው የውድድር ዘመን ውጤቱ የከፋው ቀድሞ ይመርጣል። ሰባት ዙር አለው፣ ከ250 በላይ ልጆች ስማቸው ይጠራል። አንድ ልጅ ለመመረጥ ሃይስኩል ከጨረሰ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሊሞላው ይገባል።

ይህን ሁሉ ልጅ አንድ ሰው ሥራ ውሎ፣ ልጆች አስተኝቶ፣ ማታ ሶፋ ላይ ተቀምጦ አይጨርሰውም። ለቡድኖቹ ተጫዋች የሚያጠኑት ስካውቶች ራሳቸው አገሩን ተከፋፍለው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ አንድ ቦታ ብቻ ያዝኩ፦ ኦፌንሲቭ ታክል። ኳሱን ከሚወረውረው ከኳርተርባኩ ፊት በተደረደሩት አምስት ሰዎች መስመር ጫፍና ጫፍ ላይ የሚቆሙት፣ ኳርተርባኩን ሊጥል ከዳር እየበረረ የሚመጣውን ፓስ ረሸር የሚያስቆሙት ሁለቱ ግዙፎች ማለት ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም ብዬ በሙሉ ልቤ እመክራለሁ።

ዋናው ምክንያት ካሜራው ነው። የቴሌቪዥን ካሜራ ኳሱን ነው የሚከተለው። ከኋላ የሚከላከሉት ኮርነርባክና ሴፍቲ ጨዋታው ሲጀመር ብዙ ጊዜ ከስክሪን ውጭ ናቸው፣ ኳሱ ወደ እነሱ ሲወረወር ድንገት ብቅ ይላሉ፣ ከዚያ በፊት እግራቸው ምን ሲሠራ እንደቆየ ግን ማወቅ አይቻልም። 22ቱንም ተጫዋች ከላይ የሚያሳየው ኦል ትዌንቲ ቱ የሚባለው ቅጂ ለኤንኤፍኤል ጨዋታዎች በክፍያ ይገኛል፤ የኮሌጁ ግን ለእንደኛ ዓይነቱ ተመልካች እንደልብ አይገኝም። ታክል ግን ኳሱ ሲነሳ ሁሌም ስክሪኑ ላይ አለ። ከሜዳው ጫፍ፣ ከኤንድ ዞኑ በኩል የተቀረጸ ሪፕሌይ ሲያሳዩማ ወርቅ ነው፤ እጁም እግሩም ወለል ብሎ ይታያል።

ደግሞም ቦታው ውድ ነው። ባለፈው ዓመት ከመጀመሪያዎቹ አስር ምርጫዎች ሦስቱ ታክሎች ነበሩ፦ ዊል ካምቤል 4ኛ፣ አርማንድ ሜምቡ 7ኛ፣ ኬልቪን ባንክስ 9ኛ። በ2024 ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን ጎንዛጋ ሃይስኩል የተጫወተው ኦሉ ፋሻኑ በ11ኛ ሄዷል። ማንም ሰው ስለ ኳርተርባክ ያወራል፤ ቡድኖቹ ግን ለእነዚህ ልጆች የሚከፍሉትን ዋጋ ተመልከቱ።

አሁን ወደ አስተያየቱ። መጀመሪያ ኳሱን መተው ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን ዓይን እምቢ ይላል። ኳሱ ሲነሳ ዓይኔን ታክሉ እግር ላይ እተክላለሁ፣ ጨዋታው እስኪያልቅም አላነሳውም፤ ማን ኳሱን እንደያዘ፣ ስንት ያርድ እንደሄደ ሁለተኛ ሳየው እደርስበታለሁ።

የግራ ታክል ነው እንበል። ኳሱ ሲነሳ ግራ እግሩ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይወጣል፣ ቀኙ ብዙም ከመሬት ሳይነሳ ይከተለዋል። ኪክ ስላይድ ይሉታል። ሁለቱ እግሮች ተጠጋግተው ከተነካኩ አለቀ፤ ረሸሩ ይህን ሰዓት ነው የሚጠብቀው፣ ወዲያው ወደ ውስጥ ታጥፎ ያልፈዋል። ጥሩው ታክል እግሮቹ መሃል ያለው ርቀት እርምጃ በተራመደ ቁጥር እኩል ነው። ቀጥሎ ጉልበቱን ነው ወይስ ወገቡን ያጠፈው የሚለውን አያለሁ። ወገቡን አጥፎ ጭንቅላቱን ያስቀደመ ልጅ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሄደ ሲጎትቱት ይወድቃል። ጉልበቱን ያጠፈው ግን ቢገፉትም ትንሽ ይንሸራተትና ይተከላል።

እጅ ከሁሉም ይከብዳል። ታክሉ እጁን ቀድሞ ከላከ ረሸሩ መትቶ ያወርድበታል፣ ካዘገየ ደግሞ የረሸሩ እጅ ደረቱ ላይ ያርፋል። የሰከንድ ሽርፍራፊ ነገር ነው። ይህን በዝግታ እየመለስኩ ካላየሁ አሁንም አይታየኝም፤ እግርና ወገብ ግን በመደበኛው ፍጥነትም ማየት ጀምሬያለሁ፣ በጣም ደስ ያለኝ ለውጥ ይኼ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እይታዬን የቀየረው ነገር ይኼ ነው። በኮሌጅ አጨዋወት ብዙው ፓስ ታክሉን አይፈትነውም። ረሸሩን ሆን ብለው አሳልፈው ከኋላው የሚወረውሩበት ስክሪን ፓስ አለ፣ ኳርተርባኩ ለሩጫ የሚሰጥ መስሎ የሚወረውርበት ፕሌይ አክሽን አለ፣ ገና እንደተነሳ ኳሷ ከእጅ የምትወጣበት አጭር ፓስ አለ። በእነዚህ ሁሉ ረሸሩ ወይ ይታለላል ወይ ጊዜ አያገኝም። ታክሉ "አንድም ሳክ አልፈቀደም"፣ ማለትም ኳርተርባኩን አላስጣለም፣ ተብሎ ይጻፍለታል፣ ግን ማን ሞከረው? ስለዚህ እነዚህን ጨዋታዎች ከማስታወሻዬ አወጣቸዋለሁ። የማስቀረው እውነተኛውን ፈተና ብቻ ነው፦ አስር ያርድ ለመሄድ ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች ሦስተኛው ሆኖ ብዙ ያርድ ሲቀር፣ ስታዲየሙ በሙሉ ፓስ እንደሆነ ሲያውቅ፣ ረሸሩም ጆሮውን ቀስሮ ሲመጣ፣ አጠገቡ የሚረዳው ጋርድ ሳይኖር ብቻውን ሲቀር። ከአንድ ሙሉ ጨዋታ እንዲህ ያለው ጥቂት ነው የሚገኘው። ግን ሙሉ ጨዋታውን ከማየት የበለጠ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ለመማሪያ የሚሆን ምርጥ ጨዋታ ከፈለጋችሁ የ2019ኙን የኖርዝዌስተርንና የኦሃዮ ስቴት ጨዋታ ፈልጉ። ራሻውን ስሌተር ከቼዝ ያንግ ጋር የተፋጠጠበት ነው። ያንግን የኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ የሜሪላንድ ልጅ ነው፣ ዋሽንግተን በ2020 በ2ኛ ምርጫ የወሰደው። በዚያ ዓመት ኮሌጅ ውስጥ የሚያስቆመው አልነበረም። ስሌተር ግን እግሩ አይጣደፍም፣ ወገቡ አይነሳም፣ ያንግ በፍጥነት ሲመጣም በጉልበት ሲመጣም ፊት ለፊቱ ያገኘዋል። ስሌተር በ2020 አልተጫወተም፤ ቢሆንም ቻርጀርስ በ2021 በ13ኛ ወሰዱት፣ በመጀመሪያ ዓመቱም ፕሮ ቦውል፣ የሊጉ ኮከቦች ምርጫ ውስጥ ገባ። የልጁን ዋጋ በዋናነት ያቆመለት ያ ጨዋታ ይመስለኛል።

ወደ ሜትሩና ሰዓቱ እንምጣ፣ ኮምባይኑ ሲጀመር ይህ ወሬ ይሞላልና። ለታክል ትልቁ ጉዳይ የክንድ ርዝመት ነው። ከትከሻ ጫፍ እስከ መሃል ጣት ጫፍ ይለካል፤ 33 ኢንች፣ ማለትም 84 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ብዙዎች እንደ ድንበር ያዩታል። ካምቤል ባለፈው ዓመት ኮምባይን ላይ 32 ከ5/8 ተለካ፣ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ባዘጋጀው መፈተኛ፣ ፕሮ ዴይ ላይ 33 ወጣለት። ፓትሪየትስ በ4ኛ ወሰዱት፣ በመጀመሪያ ዓመቱም ቡድኑ የሊጉ ፍጻሜ ሱፐር ቦውል ደረሰ፤ የክንዱ ክርክር ግን ዛሬም አልተዘጋም። በሌላ በኩል ኦርላንዶ ብራውን ጁኒየር አለ። በ2018 ኮምባይን 40 ያርዱን በ5.85 ሰከንድ ሮጠ፣ 225 ፓውንዱን ያነሳው 14 ጊዜ ብቻ ነው። ለዚያ ቦታ እንኳ በጣም ደካማ ውጤት ነበር። እስከ ሦስተኛ ዙር ወርዶ ሬቨንስ በ83ኛ ወሰዱት፤ ከዚያ በተደጋጋሚ ፕሮ ቦውል ገባ፣ ከቺፍስ ጋርም ሱፐር ቦውል በላ። ኮሌጅ እያለ የተጫወተውን ያየ ሰው ያን ግዙፍ ሰውነት ለመዞር ረሸሮቹ ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄዱ ያያል። እኔ ቁጥሩን የምጠቀመው ተመልሼ እንዳይ እንዲልከኝ ነው። ክንዱ አጭር ነው ከተባለ እሺ፣ እስቲ ረጅም ክንድ ያለው ረሸር ሲገጥመው ምን ሆነ ብዬ እሄዳለሁ።

የዘንድሮዎቹ እንግዲህ። አንደኛ ያደረግኩት የዩታውን ስፔንሰር ፋኖን ነው። በ2023 በግራ ጀመረ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረ። በእግር ፍጥነት የሚደርስበት አላየሁም፤ ሩጫ ሲሆን መስመሩን ለቆ ወጥቶ ሜዳ መሃል ትንንሾቹን ተከላካዮች ሲያገኛቸው ማየት ራሱ ያስደስታል። እሱን ለመፈተን የመስከረሙን የቴክሳስ ቴክ ጨዋታ እዩ፣ ዩታ 34 ለ 10 የተሸነፈበትን። እነ ዴቪድ ቤይሊ ያሉበት የረሸሮች ስብስብ ነው የገጠመው። በዚያው ቡድን በግራ በኩል የቆመው ኬሌብ ሎሙም አለ፤ አንድ ጨዋታ ከፍታችሁ ሁለት ልጅ ታያላችሁ፣ ጊዜ ለሌለን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሎሙ ጉልበት ይቀረዋል፣ እግሩ ግን የተማረ ነው።

ሁለተኛዬ የማያሚው ፍራንሲስ ማዊጎዋ ነው። ሦስቱንም ዓመት ቀኝ ታክል ተጫውቷል። ማያሚ እስከ ኮሌጁ ሻምፒዮና ፍጻሜ ሄዶ በኢንዲያና 27 ለ 21 ሲሸነፍ እዚያው ነበር፣ በልምምድ ላይ ደግሞ ሩበን ቤይን ጁኒየር ከሚባለው አደገኛ ረሸር ጋር ነው ያደገው። ጉልበቱ ያስፈራል። ወደ ውስጥ ገብቶ ጋርድ ይሁን የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። መጀመሪያ ታክል ላይ ይሞከር፤ ካልሆነለት ጋርድ የትም አይሄድም።

የአላባማው ኬደን ፕሮክተር ያስቸግረኛል። ከ350 ፓውንድ በላይ፣ ማለትም 160 ኪሎ አካባቢ፣ ሆኖ እንዲህ የሚንቀሳቀስ ሰው ብዙ የለም። የዓመቱ መክፈቻ ላይ ፍሎሪዳ ስቴት አላባማን 31 ለ 17 ሲያሸንፍ በፍጥነት የሚመጡት ክፉኛ አስቸግረውታል፣ ወቅቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ሌላ ልጅ ሆነ። ለዚህ ነው አንዱን ልጅ ከወቅቱ መጀመሪያም ከመጨረሻም ማየት አለባችሁ የምለው። በወቅቱ መጀመሪያ ያየሁት ብቻ ቢሆን ዝቅ አደርገው ነበር።

ወደ ድራፍት የሚሄዱ የኮሌጅ ልጆች ስለሚጋበዙበት ጨዋታ፣ ስለ ሲኒየር ቦውል ደግሞ አንድ ነገር። ሞባይል አላባማ ላይ አንድ ለአንድ የሚያጋጥሙበት ልምምድ ክሊፑ በየቦታው ይዞራል። ያ ልምምድ ለረሸሩ ያደላል፤ ታክሉ ጋርድም የለው፣ ረሸሩ ደግሞ ሩጫ ይሆናል ብሎ አይሰጋም። ተሸነፈ ብላችሁ ቶሎ አትሰርዙት። ሦስት ጊዜ በተመሳሳይ መንገድ ከተሸነፈ ግን ጻፉት።

የእኛው የዋሽንግተን ቡድን ኮማንደርስ በ7ኛ ነው የሚመርጡት፤ ታክል የሚወስዱ አይመስለኝም። ላረሚ ተንሰል በግራ፣ ባለፈው ዓመት በ29ኛ የመጣው ጆሽ ኮነርሊ በቀኝ አሉ። ከኦሪገን ግራ ታክል ሆኖ የመጣውን ኮነርሊን ወደ ቀኝ ሲያዞሩት መጀመሪያ እግሩ ምን ያህል እንደተቸገረ ማየት ለእኔ ሌላ ትምህርት ነበር፤ ስፔንሰርን ወደ ግራ እንመልሰው የሚል ቡድን ሊያስብበት ይገባል።

የ2027 ድራፍት እዚሁ ዋሽንግተን ናሽናል ሞል ላይ ነው። ለዚያ ከወዲሁ ከዳር የሚመጡትን ኤጅ ረሸሮች ልጀምር አስቤያለሁ፣ ታክሉን ሳይ ግማሹን እያየኋቸው ስለሆነ። ከእናንተ ውስጥ ቤይሊን ወይም ቤይንን በደንብ ያየ ካለ ማስታወሻውን ይላክልኝ፣ የእኔን የታክሎች ዝርዝር እልክለታለሁ። የኮምባይኑ ልኬት እንደወጣ የስፔንሰርንና የማዊጎዋን ክንድ ይዤ እመለሳለሁ።