ሲጂ 125 ላይ የኤሌክትሪክ ብልሽት ፍለጋ፦ እስካሁን የደረስንበት

ሆንዳ ሲጂ 125 እና እሱን አስመስለው የተሠሩት የቻይና ሞተሮች የሽቦ አሠራራቸው ቀላል ነው። ያለ ጥፋቱ የሚጣል ዕቃ ግን እነሱ ላይ ይበዛል። መብራት ሲደበዝዝ ባትሪ ይገዛል፣ ካንዴላው ኮረንቲ ሲያጣ ሲዲአይ (ለካንዴላው ብልጭታ ኮረንቲ የሚለቀው ሳጥን) ይቀየራል፤ ሲፈተሽ ጥፋቱ አረንጓዴ ዝገት የያዘ ሶኬት ወይም ቀለም ላይ የታሰረ ማሳ (ኮረንቲው በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት መስመር) ሆኖ ይገኛል። የዚህ ዙር ማስታወሻ ስለዚህ ስለ አለካክ ነው።

የሚያስፈልገው ዲጂታል ቴስተር፣ ሁለት ሽቦ የተበየደበት ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና ትንሽ ሽቦ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የወጡት የመጀመሪያዎቹ ሲጂዎች 6 ቮልት ስለሆኑ አምፖሉ ላይ የተጻፈውን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለ12 ቮልት ናቸው።

ባትሪው ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ጥቂት ሰዓት አርፎ ይለካል። 12.6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.0 አካባቢ ካሳየ ባዶ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ሞተሪኖ (በኤሌክትሪክ ማስነሻ) ያለው ከሆነ ቁልፉ ተጭኖ ሳለ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ከወረደ ሌላውን መለካት ትርፉ ድካም ነው፤ መጀመሪያ ባትሪው ይስተካከል።

አሁን ዋናው። ሽቦን በኦም መለካት ያታልላል። ቴስተሩ በጣም ትንሽ ኮረንቲ ብቻ ስለሚያሳልፍ፣ በአንዲት ክር ብቻ ተንጠልጥሎ የቀረ ሽቦም 0 ኦም ያሳያል። ሥራ ላይ ሲውል ግን ያቺ ክር የፊት መብራትን መሸከም አትችልም። ስለዚህ ዕቃው እየሠራ በቮልት ይለካል። ጥቁሩ መለኪያ የባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ ላይ ይያዛል፤ ብሎኑ ላይ አይደለም፣ ምክንያቱም ብሎኑና እርሳሱ መካከልም ጥፋት ይኖራል። ቀዩ መለኪያ ሞተሩ አካል ላይ ይደረግና ሞተሪኖው ይጫናል። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ታሟል። ቀጥሎ መብራቱ በርቶ ከፊት መብራት በስተኋላ ያለው አረንጓዴ ሽቦ በዚሁ መንገድ ይለካል፤ ሆንዳ ላይ አረንጓዴ ሁልጊዜ ማሳ ነው። ከ12 ቮልት አንዱ መንገድ ላይ ከቀረ ከብርሃኑ ሩብ ያህሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ «ትንሽ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

የማሳ ብልሽት ምልክቱ ግራ ያጋባል፦ ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው አብሮ ይደበዝዛል፣ ክላክሱ ይሰልላል። ኮረንቲው መመለሻ ሲያጣ በሌላ አምፖል ክር በኩል መንገድ ስለሚፈልግ ነው። በተለይ ሻንሲው እንደገና ቀለም ከተቀባ በኋላ ይህ የተለመደ ነው። ቦታው እስኪያብለጨልጭ ድረስ ይፋቃል፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ይገባና ይታሰራል፣ ግራሶ የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ነው።

ኮረንቲ ለካንዴላ ሲጠፋ ሲዲአዩ ከየት እንደሚመገብ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥቁር ባለ ቀይ መስመር ሽቦ ከዲናሞ ቀጥታ የሚገባበት ከሆነ ባትሪው አያገባውም፤ ባትሪ ሞቶም በእግር ይነሳል። በዚያ ፋንታ ቁልፍ ሲከፈት 12 ቮልት የሚመጣበት ጥቁር ሽቦ ካለው ግን የባትሪው ጤና ወሳኝ ነው። የመጀመሪያውን ዓይነት የሚያጠፋው ጥቁር ባለ ነጭ መስመር ሽቦ ነው፤ ማሳ ሲነካ ሞተሩ ይጠፋል። ይህን ሽቦ ከሲዲአዩ ነቅሎ መሞከር ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ኮረንቲው ከተመለሰ ጥፋቱ ቁልፉ ወይም ማጥፊያው ውስጥ ነው፣ ሲዲአዩ ንጹሕ ነው። በዚህ ጊዜ ቁልፍ ሞተሩን ስለማያጠፋው ማርሽ አስገብቶ በፍሬን ማፈን ያስፈልጋል።

ካልተመለሰ ልኬቱ ይቀጥላል። የዲናሞው መመገቢያ ጥቅል ወደ ማሳ በመቶዎች የሚቆጠር ኦም፣ የፒክአፑ (የብልጭታውን ሰዓት ለሲዲአዩ የሚነግረው) ጥቅል ከ100 እስከ 250 አካባቢ ያሳያል። ቦቢናው (የካንዴላውን ቮልት ከፍ የሚያደርገው ጥቅል) ከሲዲአዩ ሽቦ በሚገባበት በኩል ከ1 ኦም በታች፣ የካንዴላው ገመድ በኩል ካፑ (ካንዴላው ላይ የሚሰካው ቆብ) ተነቅሎ ከ3 እስከ 6 ኪሎ ኦም ይሆናል። ካፑ ራሱ 5 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ማለቂያ የሌለው ቁጥር ካሳየ ይጣል፣ ርካሽ ነው። ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋ ሞተር ከሆነ ልኬቱ በሞቀበት ሰዓት ካልተደረገ ዋጋ የለውም፤ ጥቅሉ ሲበርድ ጤነኛ መስሎ ይታያል።

ፊውዝ የሚያቃጥል ከሆነ ሌላ ፊውዝ አይባክን፤ የሲጋራ ብር ወረቀት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። ፊውዙ ይወጣና ባለ 21 ዋቱ አምፖል በቦታው ይገናኛል። ኮንታክት (ሽቦ ከማሳ ጋር መነካካት) ካለ አምፖሉ ሙሉ ይበራል፣ ነገር ግን ከ2 አምፔር በታች ብቻ ስለሚያሳልፍ የሚቃጠል ነገር የለም። ከዚያ ሶኬቶች አንድ በአንድ ይነቀላሉ፤ የቱ ሲነቀል ደበዘዘ? ጥፋቱ እዚያ መስመር ላይ ነው። የሚፈተሹት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ መሪው የሚዞርበት አንገት፣ ከነዳጅ ታንኩ ሥር፣ የኋላ መብራት ሽቦ በፓራፋንጎው ቀዳዳ የሚያልፍበት። መሪውን ከዳር እስከ ዳር እያዞሩ አምፖሉን ማየት የተሸሸገውን ያወጣዋል።

ለቻርጅ፣ ሞተሩ ተነስቶ በደቂቃ 5000 ዙር አካባቢ ሲደርስ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.8 ቮልት መታየት አለበት። ከ15 ካለፈ ጥፋቱ ሬጉላተሩ (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ዕቃ) ወይም ማሳው ነው። ጋዝ ሲሰጥ ቮልቱ ከሚኒሞ (ያለ ጋዝ ከሚዞርበት) ካልጨመረ የዲናሞው ሶኬት ተነቅሎ የቻርጁ ሽቦ በኤሲ ይለካል፤ ከዙሩ ጋር ወደ አሥሮች ቮልት ከወጣ ዲናሞው ደህና ስለሆነ ሬጉላተሩ ይቀየራል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪ ነቅሎ «ዲናሞውን መሞከር» ግን አምፖልና ሬጉላተር ማቃጠያ ዘዴ ነው።

የተቆረጠ ሽቦ ሲቀጠል በሊድ የተበየደው ቦታ ይደርቃል፤ በንዝረት የሚሰበረው ደግሞ ልክ ሊዱ የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ መሪው አንገት ላይ በፍጹም አይበየድም፤ መቀጠያው ሽቦው ከማይንቀሳቀስበት ቦታ ይደረግና ከሁለቱም ወገን ታስሮ በናስትሮ ይጠቀለላል።